ሌባው ጀርባውን ካዞረ በኋላ

በሌሊት ቤቱን ሰብሮ የገባበትን ሌባ የገደለ ሰው ወንጀለኛ ነውን? ይህ ጥያቄ በከተማ ለሕግ ተማሪዎች የክፍል መከራከሪያ ሊሆን ይችላል። በጋዝጊብላ ግን የኑሮ ጥያቄ ነው። ለቅሶ ቤትም ይሁን ሠርግ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት የሌባ ወሬ ከተነሣ ከመካከል አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ቤቴ ድረስ የመጣብኝን ገድዬ እኔው የምታሰር ከሆነ፣ ሕጉ የሌባው ሕግ ነው ማለት ነው» ማለቱ አይቀርም። ሰሚውም በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ግን ይህ ንግግር ግማሽ እውነት ነው እላለሁ። ግማሽ እውነት ደግሞ መሣሪያ በያዘ ሰው እጅ ሲገባ ከሙሉ ውሸት ይልቅ አደገኛ ነው።

አንባቢ ሆይ! ነገሩን በትክክል ለመመዘን በመጀመሪያ አገሩን ማሰብ ያስፈልጋል። ጋዝጊብላ በዋግ ኽምራ ደጋማ ክፍል የሚገኝ ወረዳ ነው፤ መቀመጫውም አስከተማ ነው። ከአስከተማ ተነሥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚዘልቅ ሰው ሸንተረርና ገደል እያቋረጠ በእግሩ ይጓዛል። ሌሊት አደጋ የደረሰበት ገበሬ ፖሊስ ልጥራ ቢል፣ ፖሊሱ ሲደርስ ጎሕ ቀዶ፣ ሌባውም ተራራውን ተሻግሮ ይጠብቀዋል። የዚህ ገበሬ ሀብቱ በባንክ አልተቀመጠም፤ ኢንሹራንስም አልተገባለትም። ሀብቱ ጥንድ በሬ፣ ጥቂት ፍየልና በግ፣ የንብ ቀፎ፣ በጎታም ያለ እህል ነው። በሬዎቹ በእርሻ ወቅት ከተሰረቁ የተሰረቀው የበሬ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የዚያ ዓመት እርሻ በሙሉ ነው። የምትታለብ ፍየል ከተነዳች የሕፃን ወተት አብሮ ተነድቷል። ስለዚህ «ለአንድ ፍየል ብሎ እንዴት ሰው ይጣላል?» ብሎ የሚደነቅ የከተማ ሰው ፍየሏን እንጂ ቤቱን አላየም።

መከላከል መብት ስለ መሆኑ

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ሕጋችን ለባለቤቱ ጀርባውን ያልሰጠ መሆኑ ነው። የስዊሱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁትና በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሕጋዊ መከላከልን አውቆ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ይህንኑ አጽንቷል። በዚህ አንቀጽ መሠረት ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሰው፣ እንዲሁም ሕግ የሚጠብቀውን ማናቸውንም መብት ከሕገ ወጥ ጥቃት ቢከላከል አይቀጣም። ንብረትም ከእነዚህ መብቶች አንዱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን መከበር ደንግጓል።

ይሁን እንጂ አንቀጽ 78 ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ጥቃቱ በዚያው ሰዓት የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ አደጋው በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ መከላከሉ ከጥቃቱ ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ዋጋ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። እነዚህን ሦስቱን ያሟላ ሰው ወንጀለኛ አይደለም። «ገድዬ እኔው የምታሰር ከሆነ» የሚለው ሰው ያልሰማው ይህን ነው። ፖሊስ ይዞ ሊመረምረው ይችላል፤ ሰው ሞቷልና መመርመሩ ግዴታ ነው። ለምርመራ መጠየቅና ጥፋተኛ ተብሎ መቀጣት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በሃይማኖታችንም መንገድ ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ገንዘቡን ሲከላከል የተገደለ ሰው የሸሂድ ማዕረግ እንዳለው በሐዲስ ተዘግቧል። ሸሪዓ ሰው ቤቱ ሲዘረፍ እጁን አጣጥፎ እንዲመለከት አላዘዘም። የፊቅህ ሊቃውንትም አጥቂን ስለ መመለስ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፈዋል፤ ምዕራፉ የተከፈተው ግን «ግደል» በሚል ቃል አይደለም።

መንግሥት ሲርቅ

ኢማም ነሳኢ ከዘገቧቸው ሐዲሶች አንዱን ለጋዝጊብላ ሰው ብነግረው፣ ስለ እርሱ ቀዬ የተነገረ ይመስለዋል። አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ፣ ገንዘቡን ሊወስድበት የመጣን ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ጠየቀ። መልሱ በደረጃ ነበር የተሰጠው። በመጀመሪያ አላህን አስታውሰው ተባለ። ያ ካልመለሰውስ? በአካባቢው ያሉትን ሰዎች እርዳታ ይጠይቅ። በአካባቢው ሰው ከሌለስ? የገዢውን እርዳታ ይጠይቅ። ጠያቂውም በመጨረሻ ገዢው ሩቅ ቢሆንስ አለ። ያን ጊዜ ስለ ገንዘቡ እንዲዋጋ ተፈቀደለት።

«ገዢው ሩቅ ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ከአሥራ አራት ክፍለ ዘመን በፊት የተጠየቀ ቢሆንም ዛሬም በገደል ማዶ ላለው ገበሬ አላረጀም። አንቀጽ 78 «በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል» ሲል፣ ሌላው መንገድ በአዲስ አበባና በጋዝጊብላ አንድ ሊሆን አይችልም። በከተማ ያለ ባለቤት በሩን ቆልፎ ስልክ መደወል ይችል ይሆናል። የገጠሩ ባለቤት በር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ቆሞ የሚጠብቀውም ሚሊሻ ከእርሱ ሸንተረር በታች ተኝቷል። ዳኛ ሆኖ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚቀመጥ ሰው የመከላከሉን መጠን ሲለካ ርቀቱን፣ ጨለማውንና የሌባውን ብዛት አብሮ ሊለካ ይገባዋል። ይህ ለገበሬው የሚደረግ አድልዎ ሳይሆን ሕጉ ራሱ «እንደ ሁኔታው» ያለውን መፈጸም ነው።

ነገር ግን በሐዲሱ ውስጥ ያሉትን ደረጃዎች መዝለል አይቻልም። ከጠብ በፊት ምክር፣ ከምክር በኋላ የጎረቤት ጥሪ አለ። ሊቃውንቱም ይህንኑ ተከትለው፣ በጩኸት የሚመለሰውን በእጅ አትምታው፣ በእጅ የሚመለሰውን በዱላ፣ በዱላ የሚመለሰውንም በስለት አትምታው ብለው ደነገጉ። ዘመናዊው ሕግ «ተመጣጣኝ» የሚለውን ፊቅህ በደረጃ ዘርዝሮ አስቀመጠው።

ጀርባውን ሲያዞር

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የመከላከል መብት ዕድሜው የአደጋውን ያህል ነው። አደጋው ሲወለድ ይወለዳል፣ አደጋው ሲሞት ይሞታል። ሌባው ያነሣውን ጥሎ፣ ጀርባውን አዙሮ ሲሮጥ ባለቤቱ አሸንፏል። መከላከል ማለት ይህ ነበርና። ከዚያ በኋላ የሚወረወር ድንጋይ፣ የሚተኮስ ጥይት ምን ይባላል? መከላከል አይባልም፤ የሚከላከሉት ነገር የለምና። ስሙ ቅጣት ነው። ቅጣት ደግሞ የዳኛ ነው።

ታላቁ የሐንበሊ ሊቅ ኢብን ቁዳማ «አል-ሙግኒ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ይህን በግልጽ ለይተውታል። አጥቂው ከሸሸ ባለቤቱ ተከትሎ ሊገድለው አይፈቀድለትም። በመጀመሪያው ምት ከወደቀና መነሣት ካቃተውም ሁለተኛ ሊደግመው አይገባም። የመጀመሪያው ምት ጥቃትን ለመመለስ ነበር፤ ሁለተኛው የወደቀን ሰው መምታት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ጀርባውን ቢያዞርም በሬዬን እየነዳ ከሆነስ? ቆሜ ልሸኘው?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ሕጉም መልስ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1148 ባለይዞታው ንብረቱን የነጠቀውን ሰው በኃይል እንዲከላከል፣ ወዲያውም ተከትሎ ከሚሸሸው እጅ እንዲያስመልስ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ተከተል፣ በሬህንም አስመልስ። ነገር ግን ያው አንቀጽ ሁኔታው ከሚያስገድደው በላይ የኃይል ሥራ እንዳትሠራ ይከለክልሃል። በሬው ከተመለሰ፣ ወይም ሌባው በሬውን ለቅቆ ከሮጠ ነገሩ አብቅቷል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሌባው ከተያዘ በኋላ የሚሆነው ነው። እጁ የኋሊት ታስሮ በመሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ምን አደጋ ያደርሳል? ሆኖም በብዙ ስፍራ ሰው ተሰብስቦ አንዱ በዱላ፣ አንዱ በእርግጫ እየመታ፣ ሟቹ በማን ምት እንደ ሞተ ሳይታወቅ ሲቀር እንሰማለን። መቺዎቹም «ሌባ ነው የመታነው» ይላሉ። ሌባ መሆኑን ማን ፈረደ? የታሰረን ሰው ደብድቦ መግደል በወንጀል ሕጋችን ሰው መግደል ነው፤ በአንቀጽ 540 ብቻ እንኳ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስፈርዳል። ጭካኔው ከከበደም ወደ አንቀጽ 539 ይወጣል፤ የዚያም ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እሥራት ወይም ሞት ነው። በእውነት ሲከላከል መጠኑን ያለፈ ሰው ግን በአንቀጽ 541 የሚያገኘው ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እሥራት ነው። ሕጉ በሁለቱ ሰዎች መካከል ምን ያህል ልዩነት እንዳደረገ ተመልከቱ።

ስለ ሌብነት ቅጣት ሸሪዓ ጥብቅ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ጥብቅ ነው። ግን ጥብቅነቱ ለዳኛም ጭምር ነው። ማስረጃ ይጠይቃል፣ የተሰረቀው ነገር ከተወሰነ ዋጋ በላይ እንዲሆን ይጠይቃል፣ ጥርጣሬ ካለም ቅጣቱን ያነሣል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በረሃቡ ዓመት የሌብነትን ሐድ እንዳቆሙ በታሪክ ይታወቃል፤ የራበው ሰው የሰረቀው ከማጣት ሊሆን ይችላልና። ይህን ነገር ከዋግ ሰው በላይ ማን ይረዳዋል? የ1977ቱ ረሃብ ያለፈበት፣ ቤተሰብ በመንገድ ላይ ሲበተን ያየ አገር ነው። በጨለማ ጎታ ሲከፍት የተያዘው ሰው የለየለት ቀማኛ ሊሆን ይችላል፤ ለሁለት ቀን እህል ያልቀመሰ የጎረቤት ልጅም ሊሆን ይችላል። ዱላው ከወረደ በኋላ ይህን ለመለየት ጊዜ አይኖርም። ኸሊፋው ሥልጣን እያላቸው የተዉትን ቅጣት፣ ሥልጣን የሌለን እኛ በየደጃችን ልንፈጽም አይገባንም።

ጨለማና ፍርሃት

በእኔ ሐሳብ የማይስማማ ሰው አንድ የመጨረሻ ምሽግ አለው፤ እርሱም ጨለማ ነው። «በሌሊት የገባ ሰው ምን እንደ ያዘ፣ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ አላውቅም፤ ጠይቄ ልምታው ወይ?» ይላል። ይህ ክርክር ጥንታዊ ነው፣ ክብደትም አለው። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 በሌሊት ሲሰብር የተገደለን ሌባ ፀሐይ ከወጣችበት ለይቶታል፤ በሌሊቱ ደም አይጠየቅም፣ በቀኑ ግን ይጠየቃል። የጥንት ሮማውያን የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግም የሌሊቱንና የቀኑን ሌባ ለይቶ ነበር። በኋላ የመጡት የሮማ የሕግ ሊቃውንት ግን አንድ ነገር ጨመሩ፦ የሌሊቱንም ሌባ የሚገድል ሰው ጮኾ ማሰማት አለበት አሉ።

የእኛም ሕግ ለጨለማ ዓይኑን አልጨፈነም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 79 የመከላከልን ወሰን ያለፈ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት፣ ማለፉ ጥቃቱ ካስከተለው ይቅርታ የሚገባው ፍርሃትና ድንጋጤ የመጣ ከሆነም ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣው እንደሚችል ይናገራል። እንግሊዞች ቤቱ ውስጥ ለተደፈረ ሰው የመጠኑን ወሰን በሕግ ያሰፉት እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። ለዚያ ያበቃቸው ክርክር የጋለው ቶኒ ማርቲን በተባለ ገበሬ ጉዳይ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1999 በኖርፎክ ገጠር ቤቱን ሰብረው በገቡ ሁለት ሰዎች ላይ በሌሊት ተኮሰ። አንደኛው የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከኋላው ተመትቶ ሞተ። ገበሬው በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት፣ በይግባኝ ፍርዱ ተሻሽሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ከእሥር ወጣ። ግማሹ የአገሪቱ ሕዝብ ጀግና፣ ግማሹ ነፍሰ ገዳይ አለው። በዚያ ጉዳይ ካከራከሩት ነገሮች አንዱ ግን ልጁ ከኋላው መመታቱ ነበር።

በአሜሪካ ባተን ሩዥ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ የ16 ዓመት ጃፓናዊ ተማሪ የግብዣ ቤት ተሳስቶ የሌላ ሰው ደጅ ደረሰ። ባለቤቱ ሊዘርፈኝ መጣ ብሎ ተኩሶ ገደለው። በወንጀል ችሎት ነጻ ተባለ፤ በፍትሐ ብሔር ችሎት ግን ለሟች ወላጆች ከ600 ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። ፍርሃቱ እውነት ነበር፤ አደጋው ግን አልነበረም። በጋዝጊብላም በሌሊት ደጅ የሚመታ ሁሉ ሌባ አይደለም። መንገድ የመሸበት እንግዳ አለ፤ ምጥ የያዛት ሚስቱን ትቶ እርዳታ ፍለጋ የመጣ ጎረቤት አለ፤ የጠፋች ጥጃ የሚፈልግ እረኛ አለ። «ማን ነህ?» የሚል አንድ ቃል ሁሉንም ይለያቸዋል።

ኡኡታና ደም

አንድ ሽማግሌ ስለዚህ ጉዳይ ሳነጋግራቸው፣ «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ እጮሃለሁ» አሉኝ። «ሌባ የሚፈራው ጠመንጃዬን አይደለም፤ ጠመንጃ እርሱም አለው። የሚፈራው አገር ሲነሣበት ነው።» በዚህ ቃል ውስጥ ብዙ ቁም ነገር አለ። በአገራችን ኡኡታ የድረሱልኝ ጥሪ ብቻ አይደለም፤ ምስክር መጥሪያም ነው። የሚጮህ ሰው የሚያደርገውን ሌላው እንዲያየው ይፈልጋል። በድብቅ ሊበቀል ያሰበ ሰው ግን አይጮህም። ኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርብ «ተከላከልኩ» የሚለውን ቃል የሚያጸናለት በዚያ ሌሊት የተሰማው ድምፁ ነው። ሟች አፍ የለውምና የገዳይ ቃል ብቻውን ሚዛን አይደፋም።

አባቶቻችን ጠበኛን «በሕግ አምላክ!» ብለው ያቆሙት ነበር። ያልታጠቀ ሰው በታጠቀው ላይ የሚያነሣው ቃል ነበር፤ ያ ቃል የተጠራበት ሰው አልፎ ቢሄድ በሰውም በመንግሥትም ይወቀስ ነበር። ዛሬ በዚያ ቃል ቦታ ጥይት ገብቷል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ድረስ ዘልቆ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ክልሉ በሌላ ግጭት ታምሶ፣ ክላሽ ከማረሻ እኩል የቤት ዕቃ መስሏል። በዱላ ዘመን የተሳሳተ ሰው እጅ ይሰብር ነበር፤ በክላሽ ዘመን የተሳሳተ ሰው ነፍስ ያጠፋል።

ነገሩም በነፍሱ አያበቃም። ሟቹ ሌባ ቢሆንም ወንድም አለው፣ አጎት አለው። በደጋው አገር ደም ይቆጠራል። ዘመዶቹ «ሌባ ነበር» የሚለውን አይሰሙም፤ «ወንድማችን እየሸሸ ተመታ» የሚለውን ግን በደንብ ይሰማሉ። ፊት ለፊት ሲዋጋ ለወደቀ ሰው ሽማግሌ ገብቶ ማስታረቅ ይችላል። ታስሮ ለተደበደበ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ለተመታ ሰው እርቅ ከባድ ነው። ስለ አንድ ፍየል የተተኮሰ ጥይት ኋላ የባለቤቱን ልጅ ከእርሻ ሊያስቀር፣ ቤቱንም ከአገር ሊያሰድድ ይችላል። ቤቱን ለመጠበቅ የተነሣ ሰው ቤቱን በገዛ እጁ አጠፋ ማለት ነው።

የባለቤቱ ቅሬታ

ይህን ሁሉ ብዬ የገበሬውን ቅሬታ ሳልሰማ ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ገበሬው፣ «ይዤ ባስረክብ በሳምንቱ ገበያ ላይ አየዋለሁ» ይላል። ይህ ቅሬታ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፣ ለብዙ ግድያም ምክንያቱ ይኸው ነው። አንዳንዱ የተለቀቀው በዋስ ስለሆነ ክሱ አልተዘጋም፤ ይህን ለተበዳዩ የሚነግረው ሰው ግን የለም። አንዳንዱ የተለቀቀው ደግሞ ምስክር ስለጠፋ ነው። ሌሊት ለኡኡታው ዱላ ይዞ የሮጠው ጎረቤት ቀን ለምስክርነት ሲጠራ ቂም ፈርቶ ይቀራል። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የመንግሥት ድርሻ አለበት፤ ተበዳይን ያላሳወቀ፣ ክስን ያጓተተ፣ ምስክርን ያልጠበቀ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ሰውን ወደ ገዛ እጁ ፍርድ ይገፋዋል። የእኛም ድርሻ አለበት፤ ለጩኸት ደርሰን ለምስክርነት ያልደረስን ግማሽ ጎረቤቶች ነን።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቤታችሁን ጠብቁ፤ መብታችሁ ነው። ስትጠብቁ ግን ጠይቁ፣ ጩኹ፣ ጎረቤት ጥሩ፤ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ፣ አደጋው በሚጠይቀው ልክ ኃይል ተጠቀሙ። ሌባው ከሸሸ ንብረታችሁን አስመልሱ፣ ነፍሱን ተዉት። ከተያዘም እሰሩት እንጂ አትምቱት፤ ከታሰረባት ደቂቃ ጀምሮ እርሱ የእናንተ ጠላት መሆኑ ቀርቶ በእጃችሁ ያለ አደራ ነው። አደራውንም ከእነምስክሩ አስረክቡ።

ወላሁ አዕለም።